ስለ ቺንጋ መወጠሪያ

ሰው ስለ መኪና ሲናገር የሚያነሣው ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ቢበዛም ፍሬኑን ነው። የቺንጋ መወጠሪያን ስም የሚያነሣ ግን ከመካኒክ በቀር አይገኝም፤ ከመካኒኮችም ብዙዎቹ የሚያስታውሷት ከተበላሸች በኋላ ነው። እኔም ብሆን እስከ 2016 ዓ.ም. ክረምት ድረስ እንዲህ ያለ ዕቃ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ስፖርት ውድድር፣ ስለ ጉብኝትና ስለ ወደፊት ምኞታቸው ሲጽፉ እኔ ስለዚህች በሁለት መዳፍ ስለምትያዝ ብረት ለመጻፍ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤታችን እንጀራ ለዘጠኝ ወር ያህል በእርሷ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ክሱ ሁሉ በሌላ ዕቃ ላይ ሲቀርብ ስለ ቆየ ነው። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን መኪና ያላችሁ እንደሆነ ይጠቅማችኋል፤ ለሌላችሁም ቢሆን የፊዚክስ ትምህርታችን በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚውል ለማየት ያህል ይሁናችሁ።

እናቴና ታናሽ ወንድሟ በዕቁብ ገንዘብ በጋራ የገዟት አንዲት የናፍጣ ፒክአፕ አለችን። ሥራዋ ወተት ማመላለስ ነው። አጎቴ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥቶ በአዲሱ ገበያ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮም ሱሉልታ ይገባል። እዚያም ከላም አርቢዎቹ ወተቱን እየሰፈረ 8 ጣሳ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ጣሳ 50 ሊትር ይይዛልና በጠቅላላው 400 ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ እሽቅድምድሙ ከፀሐይ ጋር ነው። ጤፍ የጫነ ሰው መኪናው ቢቆምበት እስኪጠገን ድረስ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ቡና ሊጠጣ ይችላል፤ ወተት የጫነ ግን ይህ ዕድል የለውም። ገዢዎቻችን የሆኑት ቡና ቤቶችና ኬክ ቤቶች ከመቀበላቸው በፊት ከየጣሳው ጥቂት ቀድተው ያፈላሉ፤ ሲፈላ ከተቆራረጠ ጣሳው እንዳለ ይመለሳል። የተመለሰውን ወተት ዋጋ ለላም አርቢው የምንከፍለው እኛው ነን።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። መኪናዋ ሌሊት ስትነሣ ከኮፈኑ ሥር እንደ ጫጩት ጭው ጭው ትል ጀመር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ዝናብ ሲመታት ደግሞ ይለዋወጣል። አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ ቺንጋው አርጅቷል ተብሎ አዲስ ቺንጋ ገባላት። ለጥቂት ሳምንታት ዝም አለች፤ ከዚያም እንደ ቀድሞዋ ጮኸች። በመጋቢት ቺንጋው በአንድ ወገኑ ጠርዙ ተበልቶ እንደ ገመድ ጫፍ ተብትኖ ተገኘና ሁለተኛ ተለወጠ። በሰኔ መጀመሪያ ሦስተኛ ተለወጠ፤ ይኸኛው እንኳ ከሁሉ የተወደደው፣ ኦሪጅናል የተባለው ነበር።

መቼም በአገራችን መኪና ሲጮኽ መድኃኒት የማይነግር ሰው የለም። በመኪና ተራው ላይ ያሉት ሾፌሮች አንዱ "ሳሙና ቀባው" ይላል፤ ሌላው "የገዛኸው ቺንጋ ታይዋን ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳያይ "ዲናሞው ነው" ብሎ ይፈርዳል። ሳሙናው ተሞክሯል። አንድ ቀን ያህል ዝም አሰኝቶ በማግሥቱ የባሰ አስጮኻት፤ ሳሙና አቧራ ይሰበስባል፣ ከፑሊውም ጋር የሚያያይዘውን የጎማውን ሻካራነት ያጠፋል። የሆነ ሆኖ ምክሩ ሁሉ የሚያተኩረው በሚጮኸው በቺንጋው ላይ ነበር።

እናቴ ገቢና ወጪ የምትጽፍበት ባለ መስመር ደብተር አላት። ናፍጣ በተቀዳ ቁጥር የመኪናዋን የኪሎ ሜትር ቁጥር አብራ ታስመዘግባለች፤ አጎቴም በዚህ ይማረራል፤ እርሷ ግን አትተውም። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ደብተሩን እንድደምርላት ሰጠችኝ። ስደምር ሦስቱ ቺንጋዎች የገቡት ወደ 14,000 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጉዞ ውስጥ መሆኑን አየሁ። በዛሬ ጊዜ የሚሠራ ደኅና ቺንጋ ግን እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊዘልቅ ይችላል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት "ጎማ እንኳ ከዚህ ይቆያል፤ እንግዲህ የሚበላው ሌላ ነገር አለ" አለች። እናቴ መኪና መንዳት አታውቅም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን የተናገረች እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀን፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐሙስ ማለዳ፣ አጎቴ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ቺንጋው ከነጭራሹ ወጣ። እዚህ ላይ አንባቢዎች የአደጋውን መጠን እንዲረዱት ያህል ቺንጋው ምን ምን እንደሚያዞር ልናገር። በእኛ መኪና ቺንጋው ከሞተሩ ዋና ዘንግ ኃይል ተቀብሎ የውሃውን ፖምፓ፣ ዲናሞውንና መሪውን የሚያቀልለውን የሃይድሮሊክ ፖምፓ ያዞራል። በአንዳንድ መኪናዎች የውሃው ፖምፓ በሌላ መንገድ ይዞራል፤ የእኛ ግን ከዚሁ ጋር ነው። በዚህ ላይ በዲናሞው ጀርባ ለፍሬኑ እገዛ የሚሰጥ አየር መሳቢያ ፖምፓ ተገጥሟል፤ ይህ በብዙ የናፍጣ መኪናዎች የተለመደ ነው። እንግዲህ ቺንጋው ሲወጣ በአንድ ቅጽበት መሪው ይከብዳል፣ የባትሪው ቀይ መብራት ይበራል፣ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ፍሬኑም ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህም ሁሉ 400 ሊትር ወተት ተጭኖ፣ በዝናብ፣ በቁልቁለት ላይ ነው።

አጎቴ ማርሹን ወደ ታች እየለዋወጠ በሞተሩ ኃይል አበረዳት፤ መሪውንም በሁለት እጁ እየታገለ ዳር አስያዛት። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከባሕር ጠረፍ ቀድሞ ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን አምቆ ስለሚይዘው የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል እንጂ፣ ፖምፓው ከቆመ ሞተሩ ለመንደድ ብዙ ደቂቃ አይፈልግም። አጎቴ ወዲያው ባያጠፋት ኖሮ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በተቃጠለ፣ ምናልባትም ቴስታታው ራሱ በተጣመመ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስለ ቺንጋ መናገር ይቀርና ስለ ሞተር መግዛት ይወራ ነበር።

ወተቱ በተከራየነው መኪና ተጭኖ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ከ8ቱ ጣሳ 5ቱ ተመለሱ። ያን ዕለት ማታ አጎቴ "እትዬ፣ እንሽጣትና እንገላገል" አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ተነሥታ ደብተሯን ከመደርደሪያው አወረደችና የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ገንዘባችን የተጻፈበትን ገጽ ገልጣ በጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አጎቴም አየው፤ ዳግመኛም ስለ መሸጥ አላነሣም።

በማግሥቱ መኪናዋ ተጎትታ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ተወሰደች። እኔም ደብተሩን ይዤ ከአጎቴ ጋር ሄድሁ። ሽማግሌው ደብተሩን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ሲጨርሱም ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ወጣው ቺንጋ ሄዱ። በጣታቸው ዳርና ዳሩን ዳበሱና "አንዱ ወገን ደኅና ነው፣ አንዱ ወገን ተልጓል፤ ቺንጋ ሲያረጅ በአንድ ወገን ብቻ አያረጅም" አሉ። ከዚያም ለሙከራ ያህል ቺንጋውን መልሰው አስገቡና ሞተሩን አስነሡ።

"ልጄ፣ ቺንጋውን ተይው። ክንዷን እዪ" አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ነው መወጠሪያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። ከሞተሩ ጎን ከተሰካች ክብ የአልሙኒየም ቤት አጭር ክንድ ይወጣል፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ቺንጋውን በጀርባው የምትጫን ለስላሳ ፑሊ አለች። ደኅና መወጠሪያ ሞተሩ ሲዞር ትንሽ ብቻ ትነቃነቃለች፤ የእኛይቱ ግን ጤፍ እንደሚነፋ ወንፊት ትርገፈገፍ ነበር።

ሽማግሌው ቀጥለው የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር በስተው ውሃ ሞሉና በሚዞረው ቺንጋ ባለ መስመሩ ገጽ ላይ ጥቂት ጨመቁበት፤ እጃቸውንና እጀ ጠባባቸውን ከቺንጋውና ከቬንትሌተሩ አርቀው ነው። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶም ተመለሰ። "ውሃ ሲነካው የባሰ ቢጮኽ ኖሮ ላልቷል፣ ይንሸራተታል እል ነበር። ዝም ብሎ ከተመለሰ ግን መንገዱ ጠማማ ነው" አሉ። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከሰማኋቸው የጋራዥ ምክሮች ሁሉ እጅግ ያስደነቀኝ እርሱ ነው። ለምን እንደሚሠራም ቀላል ነው፤ ውሃው ጠማማ የሚገባውን ቺንጋ ለጥቂት ጊዜ ስለሚያለሰልሰው ጩኸቱን ያበርዳል፤ የላላውን ቺንጋ ግን ይበልጥ ያንሸራትተዋል።

ሞተሩ ሲጠፋ የብረት ማስመሪያ በፑሊዎቹ ፊት ላይ አጋደሙ፤ የሌሎቹ ፊት ከማስመሪያው ጋር ሲገጥም የመወጠሪያዋ ፑሊ አናቷን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋ ቆማለች። ቺንጋውን አውጥተው ፑሊዋን በጣታቸው ቢያሽከረክሯት ኩሽኔታዋ እንደ እጅ ወፍጮ ያጉረመርማል። ክንዱ ከቤቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታም የዝገት ዱቄት ወርዶ ቀይ መስመር ሠርቷል። "በሉ፣ ፍርዱ ይኸው ነው፤ ቺንጋው ምን በደለ? ያጣመመችው እርሷ ናት። ሦስት አዲስ ቺንጋ ለአንዲት ጠማማ መገባችሁ" አሉ። አጎቴም "ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አላየልንም" ሲል ሽማግሌው ሳቁና "አትጮኽማ!" ብለው መለሱለት።

እንግዲህ ይህች ዕቃ ሥራዋ ምንድር ነው? ቀድሞ የነበሩት መኪናዎች ጠባብና ወፍራም ቺንጋ ነበራቸው፤ ሲላላ መካኒኩ የዲናሞውን ቡሎን ያላላና በብረት ዘንግ ወደ ውጭ ገፍቶ መልሶ ያጠብቀው ነበር። ውጥረቱ የሚለካው በአውራ ጣት ተጭኖ ነው። ኋላ ግን አንድ ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ በውስጡ ባለ መስመር ቺንጋ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሁሉንም ዕቃ እንዲያዞር ተደረገ፤ ይህንንም በስፋት ካስተዋወቁት መኪናዎች አንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1979ኙ ፎርድ መስታንግ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ቺንጋ ሲሞቅና ሲበርድ፣ ሲያረጅም ርዝመቱ ጥቂት ይለዋወጣል። ሁልጊዜ በአውራ ጣት እየተለካ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ በውስጧ ጠንካራ ሞላ ያላት፣ ራሷ የምትወጥር ክንድ አስፈለገች።

ለምን መወጠር እንዳስፈለገው ደግሞ ከፊዚክስ ክፍላችን ይልቅ ከሱሉልታ ላም አርቢዎች በተሻለ ይገባል። አንድ ትንሽ ልጅ አንድን ኮርማ በገመድ ይዞ ሊያቆም አይችልም፤ ነገር ግን ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ከጠመጠመው ጫፉን በአንድ እጁ ይዞ ኮርማውን ያቆመዋል። የስዊስ ተወላጅ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት የዚህን ሒሳብ አውጥቶታል። በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.3 ቢሆን፣ አንድ ዙር የልጁን ጉልበት ወደ 6 እጥፍ ተኩል ያበዛዋል፤ ሁለት ዙር ደግሞ ወደ 43 እጥፍ ያደርሰዋል። የሚገርመውም የግንዱ ውፍረት በሒሳቡ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ የሚቆጠረው የዙሩ መጠንና ሰበቃው ብቻ ነው።

ነገር ግን ልጁ ጫፉን ጨርሶ ከለቀቀውስ? ዜሮ በ43 ቢባዛ ያው ዜሮ ነው፤ ኮርማው ይሄዳል። የመኪናው ቺንጋም እንደዚሁ በየፑሊው ላይ ይጠመጠማል፤ ዋናው ዘንግ የሚጎትተው አንድ ወገን ጥብቅ ነው፣ ከዘንጉ የሚለቀቀው ወገን ግን ይላላል። መወጠሪያዋ የምትቀመጠው በዚህ በላላው ወገን ነው። እርሷ ማለት የገመዱን ጫፍ የያዘው ልጅ ናት። ፖምፓዎቹና ዲናሞው ከባድ ሥራ ሲሠሩ የሚታየው ጥብቁ ወገን ነው፤ ያ ጥብቅነት ግን የሚገኘው በላላው ወገን ያለችው ጥቂት ያህል ስለ ያዘች ነው።

ምን ያሳርጃታል ቢባል፣ የሞተሩ ምት ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ዋናው ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። መኪናዋ ቆማ በደቂቃ 750 ጊዜ ስትዞር በየሰኮንዱ 25 ምት፣ በ3,000 ስትዞር ደግሞ 100 ምት ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ምቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ዘንጉ በየምቱ ፈጠን ዘግየት ይላል፤ ቺንጋውም ይርገበገባል። ያንን ርግብግቢት የምታበርደው በክንዷ ሥር ያለች ሰበቃ የምትፈጥር ቀለበት ናት። ያቺ ቀለበት በዓመታት ውስጥ ትበላለች፤ ስትበላም ክንዱ በቤቱ ውስጥ ይላላና ወደ ጎን ይጋደላል። ክንዱ ሲጋደል ፑሊዋ ትጣመማለች፤ ቺንጋውም ወደ አንድ ወገን እየተገፋ ጠርዙ ይላጋል። ሞላው ገና ጠንካራ ስለ ሆነ ግን በእጅ ለሚነካው ሰው "ደኅና ተወጥሯል" ያሰኛል። የሚያታልለውም ይኸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቺንጋው አንድ ቃል ልጨምር። ከቀድሞ ጀምሮ ሾፌሮቻችን ቺንጋ የሚመረምሩት ስንጥቅ በመቁጠር ነው። ይህ ለቀድሞው የኒዮፕሪን ጎማ ትክክል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ኢፒዲኤም ከሚባል ሌላ ጎማ ናቸው፤ ይህ እምብዛም አይሰነጠቅም፤ እንደ መኪና ጎማ እየተፋቀ ያልቃል እንጂ። ስለዚህ ስንጥቅ የሌለው ቺንጋ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የመስመሮቹን ጥልቀት ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አጎቴ "ኩሽኔታዋን ብቻ ብንለውጥስ?" ብሎ ጠየቀ፤ በእርግጥም ብዙ ጋራዦች ወጪ ለመቀነስ እንዲህ ያደርጋሉ። ሽማግሌው ክንዱና ሞላው ደኅና ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸው ይህንኑ ይመክሩ እንደ ነበር፣ የእኛይቱ ግን ቀለበቷ ስላለቀ አዲስ ኩሽኔታም ቢገባባት ጠማማ እንደምትቆም አስረዱ። እስክትለወጥ ድረስም ቁልቁለት እንዳትወርድ ከለከሉን። መኪናዋ እዚያው ቆመች፤ እኛም በኪራይ መኪና ወተቱን ስናመላልስ ትርፉን ሁሉ ኪራዩ ይበላው ጀመር።

በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ዞረን ዋጋዋን ጠየቅን። እናቴ የወሩ ሒሳብ ከገዢዎቹ እስኪሰበሰብ ድረስ ልቆይ አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የአንድ ዶላር ዋጋ በባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ከዚያም ወዲያ መውጣቱን ቀጠለ። ተመልሰን ስንሄድ ዋጋው ሌላ ነበር። የመጣችው ድሮ፣ የተሸጠችው ዛሬ ነው ብሎ ከባለ ሱቅ ጋር መከራከር ደግሞ ጥቅም የለውም። እናቴ ለእንቁጣጣሽ በግ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣችና ለአጎቴ ሰጠችው። "ዶሮ ያደርሰናል" አለች።

ስትገዛ አሮጌዋን ይዘን ሄደን ጎን ለጎን አስተያየናት፤ የክንዱ ርዝመትና ማዘንበያ፣ የፑሊዋ ስፋት፣ በጀርባዋ ያለችው የመያዣ ጥርስ ቦታ አንድ መሆን አለበት። አንዲቷ ርካሽ የተባለችው ገና በሳጥኗ ውስጥ ሳለች ክንዷ ወደ ጎን ትንሽ ትወዛወዝ ነበርና ተውናት።

የተለወጠችው ነሐሴ 3 ቀን ነው። ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር የወተት ገዢ ጥቂት ነው፤ አጎቴም ጊዜ ነበረው። ሽማግሌው መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ አስፈቱት። ከዚያ እኔን የቺንጋውን መንገድ በደብተር ላይ እንድሥል አዘዙኝ፤ የትኛውን ፑሊ በሆዱ፣ የትኛውን በጀርባው እንደሚነካ ቀስት አድርጌ ሣልሁ። ይህን የናቀ ሰው ቺንጋውን አውጥቶ ሲጨርስ እንዴት እንደ ነበር ጠፍቶበት ግማሽ ቀን ሲያዞር ይውላል አሉ፤ ስሕተት ከገባም የውሃው ፖምፓ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል።

ቀጥለው ረጅም እጀታ ያለውን መፍቻ በመወጠሪያዋ ላይ አስገብተው ከሞላው ጉልበት ተቃራኒ ገፏት። ያን ጊዜ ቺንጋው ላላና አጎቴ ከላይኛው ፑሊ ላይ አወጣው። መፍቻው ድንገት ቢያመልጥ ክንዱ ጣት የመስበር ኃይል አለውና ቀስ ብለው ነበር የመለሷት። ታችኛው ቡሎን ከቬንትሌተሩ ጀርባ ተደብቆ የሁለቱም እጅ አልደርስ አለው። "እስቲ አንቺ ነዪ" አሉኝ። የእኔ እጅ ገባ። ለመፍታት የጀመሩት ሁለቱ ናቸው፣ በጣቴ አዙሬ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። በበሩ የሚያልፍ አንድ ሰው "ሴት ልጅ በነዳጅ ስትቦካ!" ብሎ ቆመ፤ ሽማግሌውም ቀና ሳይሉ "የአንተ እጅ የሚገባ ከሆነ ና ሞክር" አሉት። አልመጣም።

በጋራዥ ውስጥ ስውል ደስ ካሰኘኝ ነገር አንዱ ቋንቋው ነው። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ሞላ፣ ፖምፓ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይኛ፣ ፒክአፕ ከእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌው ግን መወጠሪያዋን "መወጠሪያ" ይሏታል፤ ወጣቶቹ ረዳቶቻቸው "ቴንሽነር" ሲሉ ሰምቼ የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቃቸው "ከበሮ የወጠረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል" አሉኝ።

አዲሷ ከመግባቷ በፊት የምትቀመጥበት ገጽ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ። በጀርባዋ ያለችው ጥርስ በቀዳዳዋ ውስጥ መግባቷን በጣቴ እንዳረጋግጥ ተነገረኝ፤ ጥርሷ ሳትገባ ቡሎኑ ቢጠብቅ አዲሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠማማ ትሆናለች። ቡሎኖቹ የጠበቁት የጉልበት መለኪያ ባለው መፍቻ ነው፤ የሚገቡበት ብረት አልሙኒየም ስለ ሆነ ጉልበት የሚያበዛ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል። መጠኑም በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል እንጂ በግምት አይደረግም። አዲሷ መወጠሪያ ክንዷ በቀጭን ሽቦ ተቆልፎ የመጣች ናት፤ ስለዚህ ቺንጋው በሥዕሌ መሠረት ከተጠመጠመ በኋላ ክንዷን ጥቂት ገፍተው ሽቦውን ሲስቡት እርሷ ራሷ ቺንጋውን ወጠረችው። ቺንጋውም አዲስ ገብቷል፤ በአንድ ወገን የተላገው ከአዲሷ ጋር አብሮ አይሄድምና።

ሽማግሌው ሞተሩን ወዲያው አላስነሡም። ዋናውን ዘንግ በመፍቻ ሁለት ዙር በእጃቸው አዞሩና መስመሮቹ ሁሉ በየቦዮቻቸው መግባታቸውን ባትሪ አብርተው ተመለከቱ፤ አንድ መስመር ከቦዩ ውጭ ቢቀር ቺንጋው በመጀመሪያው ደቂቃ ሊበጠስ ይችላል። ከዚያ በኋላ አጎቴ ቁልፉን አዞረ።

ምንም አልተሰማም፤ ማለት ሞተሩ ተሰማ እንጂ ቺንጋው አልተሰማም። ክንዷ እንደ ተኛ ድመት ትንሽ ከመተንፈስ በቀር አትንቀሳቀስም። መብራቶቹ ሁሉ በሩ፣ መሪው እስከ ዳር ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፣ ውሃ ተረጨባት፤ ያው ናት። ሽማግሌው የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጥተው ቡሎኖቹን እንደገና አዩልን። የእጅ ዋጋቸውን ሲጠየቁ የተናገሩት ገንዘብ በመጋቢት ለቺንጋ ብቻ ከተከፈለው ያነሰ ነበር።

ይህን እስከ ጻፍሁበት እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ድረስ መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳለች። ሦስት ቺንጋ ከበላችበት መንገድ ይበልጣል። ከተመለሰው ወተት የመጣብን ዕዳ በጥር ተከፈለ። አጎቴ አሁንም ኪሎ ሜትር በማስመዝገቡ ይማረራል፤ ግን ያስመዘግባል።

አሮጌዋ መወጠሪያ አልተጣለችም። የፊዚክስ መምህራችን ለምነው ተቀበሉኝና ሞላዋን በጉጠት አስረው ከፈቷት፤ አሁን በቤተ ሙከራችን በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የተበላችው ቀለበት በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ወገን እንደ ወረቀት የሳሳች ናት። ማየት የሚፈልግ ተማሪ ወይም ወላጅ መምህሩን ጠይቆ ሊያያት ይችላል፤ ክንዷንም በጣቱ ወደ ጎን ቢገፋ ስትወዛወዝ ያገኛታል።